አራት ሴንቲ ሜትር ክብር

ካርቶኑን ስከፍት እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ከውስጡ አራት የአሉሚኒየም ቀለበቶች ወጡ፤ መሐላቸው ክፍት፣ ቁመታቸው 40 ሚሊ ሜትር። አንዱን አነሣች፣ ገለባበጠችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

«ማቶት ነው?» አለችኝ።

«እማዬ ደግሞ! የመኪና ዕቃ ነው» አልኳት፣ ድምፄን እንደ መሐንዲስ ወፈር አድርጌ። «ከሞላው ራስ ላይ ይገባል። መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል።»

«ለምን?»

ይህችን አንዲት ቃል ያኔ በቅጡ መልሼላት ቢሆን ኖሮ አስፋልት ላይ ባልተንከባለልኩ፣ የእህቴ ባል ፊት ባላፈርኩ፣ አባዬንም በስተርጅና ባላንገላታሁ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ግን ዝም አልኳት። ዝም ያልኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ስለማውቀው ነው።

መልሱ የእህቴ ባል ነው። እሱ ፕራዶ አለው። እኔ ያለችኝ ሱዙኪ ጂምኒ ናት፤ የፈረንጆቹ 2009 ስሪት፣ 1.3 ሊትር ሞተር ያላት፣ ከባድ መኪና ባጠገቧ ሲያልፍ በድንጋጤ መስመር የምትለቅ። ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ስንቆም መስኮቱን ከፍቶ ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታው ታዲያ ከሰገነት ላይ እንደሚወረወር ነው። እኔ አንገቴን አቅንቼ እመልሳለሁ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ወንበሩ ነው ከፍ ያለው። ግን ለስድስት ዓመት ሽቅብ ሰላም ሲሉ ከርሞ የማይቆጣ አንገት የለም።

ለባለቤቴ የነገርኳት ሌላ ነው፤ «ለልጆቹ ደኅንነት» አልኳት። ለሥራ ጓደኞቼ «ለዋዲው» አልኳቸው፤ ለደረቁ የወንዝ መንገድ ማለቴ ነው። ለራሴ ደግሞ ታሪካዊ ምክንያት አበጀሁ። በግንቦት 1983፣ በፈረንጆቹ 1991፣ በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲነሣ፣ ብዙ ሰው እንዲይዙ ተብሎ የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ አሁን ከፍ ብዬ ብቀመጥ ማን ይፈርድብኛል? ምክንያቱ ያምር ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የእህቴ ባልም በዚያው ሌሊት በዚያው ዓይነት ወለል ላይ ነው የመጣው።

ከተማችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ሞኝነት ታባብላለች። መጽሐፉ ቤርሳቤህ የሚላት፣ አብርሃም ስለ ውኃ ጉድጓድ የማለባት ቤርሼቫ፣ ከበራችሁ ወጥታችሁ ሩብ ሰዓት ብትነዱ ዋዲ ውስጥ ትጥላችኋለች። አፈሩ ሌስ የሚሉት ነው፤ በበጋ እንደ ሽሮ ዱቄት ይቦናል፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያችኑም ቂም እንደያዘ ሰው በአንድ ቀን ይደፋታል። ዓርብ ጠዋት የጂፕ ባለቤቶች ተሰብስበው ሲወጡ ያየ ሰው፣ መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ያለ ካባ ሠርግ የሄደ ይመስለዋል። እኔ ስፔይሰር የሚሏቸውን እነዚያን ቀለበቶች ያዘዝኩት እንደዚያ ካለ ዓርብ በኋላ ነው።

እንዴት እንደሚገጠም የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ቪዲዮው 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰውየው እጁ እንኳ አይቆሽሽም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ፣ በ39 ዲግሪ ሙቀት፣ ኔቬ ዜኤቭ ሰፈር ባለው ሕንጻችን የመኪና ማቆሚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ለምሳ እደርሳለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር አስገብቼ እጀታውን እንዳልኩት ይሠራል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቆይቼ ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ የሚንቀሳቀሰው ክሪኩ ነው፤ የጋለው አስፋልት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰጥማል። መኪና ላነሣ ወጥቼ ክሪክ ቀበርኩ።

ይህን ሁሉ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ሆኖ የሚያይ ጎረቤት ነበረኝ፤ ከዩክሬን የመጣ ጡረተኛ መሐንዲስ። ቤርሼቫ በቼዝ የታወቀች ከተማ ናት፣ በፈረንጆቹ 2005 የዓለም የቡድን ሻምፒዮና የተካሄደው እዚሁ ነው፤ ጎረቤቴም እንደ ቼዝ ተመልካች ነው የሚያየኝ። አይናገርም። እኔ አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር ግን ይተነፍሳል። ከክሪኩ ሥር ጣውላ አንጥፌ መኪናዋን ካነሣሁ በኋላ ሁለት የሲሚንቶ ብሎኬት ደግፌ ላሳርፋት ስል ትንፋሹ ቆመ። በነጠላ ጫማ ወርዶ ሁለት የብረት መደገፊያ አመጣልኝ። «ብሎኬት ባዶ ነው፤ ይፈረካከሳል» አለኝ። «ከሥሩ የምትተኛው ደግሞ አንተ ነህ።»

ከዚያ ዓይኑ ከጎኔ ያስቀመጥኩት የሞላ መጭመቂያ ላይ አረፈ። ለሦስት ቀን ተከራይቼው፣ መያዣ ገንዘብ አስይዤበት፣ ከሥራ መሣሪያዎቼ ሁሉ የኮራሁበት እሱ ነበር።

«ይሄ ለየትኛው መኪና ነው?»

«ለዚህችው።»

በትዕግሥት አስረዳኝ። መጭመቂያ የሚያስፈልገው ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ታስረው ለሚሠሩ መኪናዎች ነው፤ እዚያ ላይ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ጂምኒ ግን ከጎማ እስከ ጎማ እንደ ቀንበር አንድ ወጥ አክስል ነው ያላት፤ ሞላው ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል። የሾኮቹን የታች ብሎን ፈትተህ አክስሉን ዝቅ ስታደርገው ሞላው በእጅ ይወጣል። ወጣም። ወጥቶም አልቆመ፤ እንደ ልጆች ጎማ እየተንከባለለ የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ መኪና ሥር ገባ። በሆዴ ተኝቼ እሱን በመጥረጊያ እንጨት ስጎትት ጎረቤቴ ጮኸብኝ። አክስሉን ዝቅ ሳደርግ የፍሬን ቱቦውን አላየሁትም፤ የአክስሉን ክብደት ይዞ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ቢመታ ድምፅ ይሰጥ ነበር።

የፊቱን ሁለቱን ሞላዎች ስጨርስ መሽቶ ነበር። የትኛው ምሳ እንደቀረብኝ አላውቅም።

በማግሥቱ አባዬ ፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ወረዱና ጥላ ሥር ተቀመጡ። እዚህ ላይ የዘር ሐረጌን መናገር አለብኝ፤ ወንጀሌን ያከብደዋልና። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤል በብዙ ቦታ ርስት ስላልነበረው ኑሮው በእጁ ነበር፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ባላገሩም ቀን ማረሻውንና ማጭዱን ከአያቴ ይገዛል፣ ማታ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እያለ በሩን ይዘጋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሐሜት ችለው ብረት እንደ ሊጥ ያሸነፉ ሰው የልጅ ልጅ ነኝ፣ በ17 ቁጥር ቁልፍ ከአንድ የዛገ ብሎን ጋር ግብግብ የገጠምኩት።

ብሎኑ የኋላ ቀኝ ሾክ የታችኛው ነው። አባዬ ለረዥም ጊዜ አዩኝ።

«ዘይት አጠጣውና ተወው» አሉኝ። «ይደር።»

«አባዬ፣ ዛሬ መጨረስ አለብኝ።»

«ብረቱስ ዛሬ ማለቅ አለበት ወይ?»

አልሰማሁም። በቁልፉ ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ። አንድ የሚያሳዝን ድምፅ ተሰማ፤ ቁልፉ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ፣ ብሎኑ ባለበት ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን የነበረው ራሱ እንደ ጥሬ ሽንብራ ድቡልቡል ብሏል። መካኒኮች «ተበላ» የሚሉት ነው። አባዬ ተነሥተው ወንበራቸውን አጠፉ። «አባቴን በሐሰት ነው ያሙት» አሉ። «በሊታውስ አንተ ኖረሃል።»

የኋላው ስላልተፈታ የፊቱ ብቻ ከፍ ብሎ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናዋ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ አዲስ ሹመት እንዳገኘ ሰው ከተማዋን ዞረች። እኔም ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ደስ የሚል ነገር አስተዋልኩ፤ ከፊቴ የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግልኛል። የጂፕ ሰዎች እንዲህ ነው ሰላም የሚባባሉት ብዬ ልቤ ሞቀ። እጄን እያወጣሁ መልስ ሰጠሁ። አንዳንዱ በአፉም አንድ ነገር ይለኛል፤ የእሱ መስኮት ዝግ ስለሆነ አይሰማኝም፤ ፈገግ እላለሁ። ከቀናት በኋላ ይህን ለጎረቤቴ በኩራት ስነግረው እርሳስ አወጣ። የመኪና አጭር መብራት በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው የሚታሠረው። የጂምኒ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.25 ሜትር ነው፤ ፊቱን በ4 ሴንቲ ሜትር ስታነሣ ብርሃኑ በየሜትሩ 1.8 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይሄዳል። ቀንሰህ ስትደርሰው መብራቴ ከመሬት ተነሥቶ የሰው ዓይን ውስጥ ነው የገባው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲሰድቡኝ ለነበሩ ሰዎች እጄን ሳውለበልብ ኖሬአለሁ።

የተበላው ብሎን በመጨረሻ ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ አልናገርም፤ ዘይት ጠጥቶ አደረና ጎረቤቴ አወጣው ብል ይበቃል። ምትኩን ልገዛ ኤሜክ ሳራ ሄድኩ፤ የቤርሼቫ ጋራዥ ሁሉ የተሰበሰበበት የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የእኔ የመኪና ቋንቋ ከአባዬ የወረስኩት ነው፤ አባዬ ከጭነት መኪና ረዳቶች ሰምተው፣ ረዳቶቹ ከጣሊያን የወረሱት፤ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ። የእስራኤል መካኒክ ደግሞ ከእንግሊዝ ነው የወረሰው፤ ውርሱንም እንደ እኛው እንደፈለገ ነው ያደረገው። «ብሬክስ» ራሱ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ የዕብራይስጥ ብዙ ቁጥር ጨምሮበት «ብሬክሲም» ይላል። የኋላ አክስል ማለት የነበረውን «ባክ አክስ» የአክስል ሁሉ መጠሪያ ስላደረገው፣ የፊተኛውን «የፊት የኋላ አክስል» ብሎ ይጠራል፤ ማንም አይስቅም። እኔ በዚህ መሐል ገብቼ፣ ብሎኑን በዕብራይስጥ ጠይቄ፣ ከነፍሬው ለማለት ቃሉ ድንገት ጠፋኝና «ከነዳዶው» አልኩ።

ሻጩ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ዳዶ?» አለ። «ኤታማዦር ሹሙን ነው?»

ዳዶ እዚህ አገር የዳዊት ኤልአዛር የቅጽል ስም ነው፤ በፈረንጆቹ 1973 ጦርነት ጊዜ የሠራዊቱ ኤታማዦር ሹም የነበረው። ሃይፋ ላይ የባሕር ዳርቻ ተሰይሞለታል። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። አንድ ሽማግሌ በሱ ጊዜ እንደተዋጋ መተረክ ጀመረ። እኔ የጦር አዛዥ ከነብሎኑ በናይሎን ቋጥሬ ወጣሁ።

የኋላው ሲነሣ መኪናዋ ተስተካከለች። ከሩቅ ስትታይ እውነት ለመናገር ታምር ነበር። የመጀመሪያውን ጉዞ ከማን ጋር እንዳደረግኩ መገመት አያዳግትም፤ የእህቴን ባል ጋበዝኩት። ከጎኔ አስቀምጬ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ስዴ ቦቄር ወረድን። ስለ ሥራው ሁሉ ተረክሁለት። ጎረቤቴን ከታሪኩ ውስጥ አወጣሁት፤ ይህንንም እናዘዛለሁ። «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አልኩ። «ዲፈረንሻሏ አሁን ከመሬት 4 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል፤ ድንጋይ የሚባል አይነካትም።»

ይህን እንዳልኩ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ጎርባጣ ነካን። መሪው እስክስታ ወረደ። እጄ እስከ ትከሻዬ ተንዘፈዘፈ፣ ዳሽቦርዱ ተንቀጠቀጠ፣ የእህቴ ባል በሁለት እጁ መያዣውን ጨብጦ እስክንቆም ድረስ ቃል አልተናገረም። ከቆምን በኋላ ብቻ «ዘፈኑን ምነው አልከፈትክም?» አለኝ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። የጂምኒ የፊት አክስል ከሻንሲው ጋር በሁለት ክንዶች ተያይዟል። ሻንሲውን ስታነሣው ክንዶቹ ያጋድላሉ፤ አክስሉም አብሮ ይዞርና መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የኋልዮሽ ዝንባሌ ይቀንሳል። የሱቅ ጋሪን የፊት ጎማ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፊቱ ብቻ ከፍ ብሎ በሰነበተበት ጊዜ የአፍንጫዋ መሰቀል ጉዳቱን ትንሽ አስታሞት ነበር፤ የኋላውን ሳስተካክል ያችንም መድኃኒት ነጠቅኳት። በዚያ ላይ አክስሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግ ሲያጋድል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስቦታል፤ ይህን አባዬ በዓይናቸው ብቻ «ትንሽ ታነክሳለች» ብለው ከመነሻው ነግረውኝ ነበር። ሰምቼ ነበር? አልሰማሁም።

ከእስክስታው በኋላ ቀስ እያልን ምልክት ወዳለው የዋዲ መንገድ ገባን። መቶ ሜትር አልሄድንም፤ ከሥራችን «ጓ!» የሚል የብረት ድምፅ። ወርጄ አየሁ። ድንጋዩ የመታው ያንኑ ዲፈረንሻል ነው፤ ያንን ድንጋይ የሚባል የማይነካውን። የእህቴ ባል አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ምንም አላለም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ማስረጃው ከመጀመሪያው ፊቴ ላይ ነበር። ስፔይሰር የሚገባው ከአክስሉ በላይ ነው፤ ስለዚህ ከፍ የሚለው ከሞላው በላይ ያለው አካል ብቻ ነው። አክስሉ፣ አብሮም ዲፈረንሻሉ፣ የሚቆመው በጎማው ላይ ነው፤ ከጎማው ቁመት በቀር ምንም አያነሣውም። ፋብሪካው 190 ሚሊ ሜትር ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላም ልክ 190 ሚሊ ሜትር። ወንዝ ስትሻገር ቀሚሷን የሰበሰበች ሴት እግሯ አይረዝምም። በርግጥ መከላከያዬና ጎኔ ከፍ ብሏል፣ ለሰፊ ጎማም ቦታ ተገኝቷል፤ ጎማውን ግን አልገዛሁም። ለእንግዳ ቤት ሠርቼ እንግዳ አልጠራሁም።

ዋናው ውርደት ግን ገና ነበር። ከአስተሰርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የሚባለው በዓላችን ነው፤ ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል፣ ቄሶቻችን ባለ ቀለም ጥላቸውን ዘርግተው ኢየሩሳሌም አርሞን ሀነጺቭ ላይ ይቆማሉ። አባዬን በአዲሷ መኪናዬ ልወስዳቸው ከወር በፊት ቃል ገብቻለሁ። ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማለዳ ወረዱ። በሩን ከፈትኩላቸው። እግራቸውን አነሡ፤ አልደረሰም። የበሩን ጠርዝ ይዘው ደግመው አነሡ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደግፌ ላነሣቸው ስል እጄን መለሱት።

ጎንደር፣ አምቦበር በነበሩ ጊዜ አባዬ በስግድ ቀን እየጾሙ፣ ድንጋይ በራሳቸው ተሸክመው ተራራ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ተራራ የወጣ እግር እኔ የጨመርኩት 4 ሴንቲ ሜትር አሸነፈው። «በርጩማ ላምጣ?» አልኩ። እማዬ ከፎቅ ሆና «ምነው እንደ በቅሎ ከድንጋይ ላይ ያፈናጥጣቸዋል እንዴ!» አለች።

በዚህ መሐል ፕራዶው መጥቶ ቆመ። ፕራዶ ጎን ላይ መረገጫ አለው፤ ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩም ነበር። አባዬ አንድ ጊዜ ረግጠው ገቡና እንደ ንጉሥ ተደላደሉ። እኔ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ መሪው እንዳይጨፍርብኝ በ70 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ፣ የአባዬን ነጭ ነጠላ በኋላ መስታወቱ ሽቅብ እያየሁ።

ቴስት የሚባለው የዓመቱ የመኪና ምርመራ ታኅሣሥ ላይ ደረሰብኝ። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አገኘኝና ለከፍታው ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቀኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ነገር የመኪናን መዋቅር እንደ መለወጥ ይቆጠራል፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ፊቱን ያዞርብሃል። እኔ እንኳን ፈቃዱ፣ ጥያቄውም አልነበረኝም። ለካ «ለልጆቹ ደኅንነት» እያልኩ ልጆቼን አራት ወር በዚያች መኪና ሳመላልስ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም፤ ስታነበው ትሰማለች።

በአንድ ምሽት፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ አራቱንም አወጣኋቸው። አንድ ብሎን አልተበላም፣ አንድ ሞላ አልተንከባለለም፣ ጎረቤቴም አንዴ እንኳ አልተነፈሰም። ለማፍረስ ሲሆን ባለሙያ ነኝ። መኪናዋ ቴስቱን አለፈች፤ መሪዋም ቀጥ አለ። ቀለበቶቹን በጨርቅ ጠራርጌ በረንዳ ላይ ትቻቸው ከረሙ።

ያለፈው ዓርብ እማዬ ዘንድ ስገባ ቡና እየተፈላ ነው። ጀበናው አንዱ ቀለበት ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቂጡ መሐሉ ክፍት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ገብቷል፣ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛውን ለእህቴ ሰጥታታለች፤ ሦስተኛውን ጎረቤት አይታ ወስዳለች። የእህቴ ባል ሲኒውን ይዞ ጀበናውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከንፈሩን ነክሶ ይጠጣል።

«ሌላ መጠን የለውም?» አለችኝ እማዬ። «ለትልቁ ጀበና ጠበበኝ።»

«ባለ 50 አለ» አልኳት።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ።